መርፌ ፈርቶ የሸሸው፣ ለክትባት ሲዞር ያለፈው አሊ ማው መዓሊን

የዛሬው ባለታሪካችን የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ስሙ አሊ ማው መዓሊን ይባላል፤ ትውልዱ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ በባሕር ዳርቻ ላይ በምትገኘው በመርካ ከተማ ነው። ስሙ በሕክምና ታሪክ ውስጥ የገባው በአንድ ነገር ነው። በዓለም ላይ ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው።

ከሞተ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ዛሬ ለምን አነሳነው? ኮሮና በመጣ ጊዜ እዚህ ቀብሪበያም ሆነ ጂግጂጋ ስለ ክትባት ያልተከራከረ ሰው እንዳልነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በርጫ ላይ ወሬው እሱ ነበር። አንዱ መካን ያደርጋል ይላል፣ ሌላው የፈረንጅ ሴራ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ በሽታው ራሱ የለም ብሎ ይምላል። በወዲያኛው በኩል ያሉት ያልተከተበውን ሁሉ መሃይም እያሉ ይሰድቡ ነበር። በሽታው ከወሬ ወጣ፤ ክርክሩ ግን አልወጣም። የሕፃናት ክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ተመልሶ ይነሳል።

የአሊ ሕይወት ለዚህ ክርክር የሚጨምረው ነገር አለ ብለን እናምናለን። እሱ ሁለቱንም ወገን ሆኖ ኖሯልና። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።

ፈንጣጣ እና የእኛ አካባቢ

ወጣቶቻችን ፈንጣጣን አያውቁትም። ሶማሊኛው ፉሩቅ ይለዋል። ትኩሳት ይጀምረዋል፣ ከዚያ ፊትና እጅ እግር ላይ መግል የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል። የዳነው ሰው ፊቱ ላይ ጠባሳው እስከ እድሜ ልኩ ይቀራል፤ ዓይኑ የጠፋም ብዙ ነበር። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ያህል ይገድል ነበር። በእኛ በአፍሪካ ቀንድ በመጨረሻ የነበረው ቀለል ያለው ዓይነት ሲሆን፣ የሚገድለው ከመቶ አንድ ያህሉን ነው። ቀለል ያለ ስንል ግን ቀላል ማለታችን አይደለም። ሰውየው ሳይተኛ ከብቱን እየነዳ ከቦታ ቦታ ስለሚሄድ በሽታውን አብሮ ይዞ ይዞራል።

ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የጀመረችው በጥር 1963 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ከታቢዎቹ ተራራ ወጡ፣ በረሃ አቋረጡ፣ በበቅሎም በሄሊኮፕተርም ሄዱ። ክትባቱን አልፈልግም ያለ ሰውም ያኔም ነበር። በደጋው አገር ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ለብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ስለነበር፣ የራሳችን መድኃኒት አለን የሚሉ ነበሩ። እንግዳ ሰው መርፌ ይዞ ሲመጣ መጠርጠር ፌስቡክ ያመጣው ነገር አይደለም ማለት ነው።

የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በኦጋዴን በረሃ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። ጊዜው ነሐሴ 1968 ነበር። ታማሚዋ ትንሽ ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን አርብቶ አደር ድንበር አያውቅም፤ ዝናብና ሳር ወዳለበት ነው የሚሄደው። በሽታው በዚያው መንገድ ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ ነበር። በመስከረም 1969 አካባቢ ሞቃዲሾ ላይ ታየ። የሶማሊያ ባለሥልጣናት መጀመሪያ ላይ ነገሩን ለመደበቅ ሞከሩ። የተደበቀ በሽታ ደግሞ የሚሠራውን ታውቃላችሁ። በፈረንጆቹ 1977 በአንድ ዓመት ውስጥ ሶማሊያ ውስጥ 3,229 ሰው ተያዘ።

ይሄ ሁሉ የሆነው በምን ጊዜ እንደሆነ ልብ በሉ። የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን የገባበት፣ ጂግጂጋ በመስከረም 1970 የወደቀችበት ጊዜ ነው። ጂግጂጋና ደገሃቡር መካከል ባለው በዚህ በእኛ መንገድ ላይ ታንክ ይመላለስ ነበር። የእኛ ታላላቆች ያንን ዓመት የሚያስታውሱት በመድፍ ድምፅ ነው። በዚያው ወራት ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ዘመቻ እየተካሄደ ነበር። ከታቢዎች በላንድሮቨር ከአንዱ የአርብቶ አደር ሰፈር ወደ ሌላው እየሮጡ የመጨረሻውን ታማሚ ያሳድዱ ነበር።

የመርካው ወጣት

አሊ ያኔ 23 ዓመቱ ነው። በመርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት ምግብ ያበስላል። ሰው ወዳድ፣ ጓደኛ የበዛለት፣ ተግባቢ ወጣት ነበር። ከወጥ ቤቱ ሥራ ሌላ ለፈንጣጣ ዘመቻውም አልፎ አልፎ በከታቢነት ሠርቷል። የሚገርመው ይሄ ነው። ክትባቱ ሰው ክንድ ላይ እንዴት እንደሚወጋ አይቷል፣ በሽታው ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይቷል። የሆስፒታሉ ሠራተኞችም መከተብ ነበረባቸው። እሱ ግን አልተከተበም።

ለምን? ከዓመታት በኋላ ለጠየቁት ጋዜጠኞች የሰጠው ምክንያት ቀላል ነበር። ፈራ። መርፌው የሚያም መሰለው። ሃይማኖት አልጠቀሰም፣ ሴራ አልጠቀሰም፣ የመንግሥት ተንኮልም አላለም። ያኔ የሚከተበው ሹካ በመሰለች ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ክንድ ላይ ደጋግሞ በመጠቅጠቅ ነው። አስራ አምስት ጊዜ ያህል ይጠቀጠቃል። ስታየው የሚያም ይመስላል፣ እውነት ነው።

ጥቅምት 2 ቀን 1970 አንድ መኪና ወደ መርካ ሆስፒታል መጣ። ከገጠር ከአርብቶ አደር ሰፈር የመጡ ሁለት ፈንጣጣ የያዛቸው ሕፃናት ተጭነውበታል። ሾፌሩ ሕፃናቱን የሚወስድበትን ቦታ ስላላወቀ መንገድ ጠየቀ። አሊ ላሳይህ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። አብሯቸው የቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለሰው መንገድ ማሳየት በእኛ ባህል ማንም የሚያደርገው ነገር ነው። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ግን በቁ።

ፈንጣጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ድረስ ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ጥቅምት 12 ቀን አሊን ትኩሳትና ራስ ምታት ያዘው። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠው። ከአራት ቀን በኋላ ሽፍታ ወጣበት። አሁን ደግሞ ጉድፍ ነው ተባለና ወደ ቤቱ ተላከ። የሆስፒታል ሠራተኛ ስለሆነ ሁሉም ተከትቧል ብሎ ነው የሚያስበው፤ ፈንጣጣ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

አሊ ራሱ ግን በሽታውን በዓይኑ ያውቀዋል። ጉድፍ እንዳልሆነ ገብቶት ነበር ይባላል። ለይቶ ማቆያ መግባት ስላልፈለገ ዝም አለ። ቤቱ ተኛ። ጓደኛ የበዛለት ሰው ስለሆነ ጠያቂው አልተቋረጠም። ሰው ሲታመም መጠየቅ ደግሞ ግዴታ ነው፤ እዚህም እዚያም ያው ነው።

ያኔ ፈንጣጣ የያዘው ሰው ለጠቆመ 200 የሶማሊያ ሽልንግ ሽልማት ይሰጥ ነበር። ጥቅምት 20 ቀን አንድ አብሮት የሚሠራ ነርስ ጠቆመው። የጤና ቡድኑ ደረሰ፣ አየው፣ ለይቶ ማቆያ አስገባው። ፈንጣጣ ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ከተማ

ከዚያ በኋላ መርካ ላይ የሆነውን ስታነቡ የኮሮና ወራት ትዝ ይላችኋል። ሆስፒታሉ አዲስ ታማሚ መቀበል አቆመ። ውስጥ ያሉት እንዳይወጡ ተደረገ። ፖሊስ በከተማዋ መግቢያና መውጫ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ አስቆመ፤ ያልተከተበ ሰው እዚያው ተከተበ። ቤት ለቤት ፍለጋ ተጀመረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 54,777 ሰው ተከተበ።

ከአሊ ጋር የተገናኙ ሰዎች አንድ በአንድ ተቆጠሩ። 161 ሆኑ። ከእነሱ ውስጥ 41ዱ ያልተከተቡ ነበሩ። ሁሉም ለሳምንታት ክትትል ተደረገባቸው። አንድም ሰው አልታመመም።

እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ እንቁም። ከ161 ሰው 41 ሲነሳ 120 ይቀራል። እነዚህ 120 ሰዎች አሊ ፈርቶ የተወውን ነገር አስቀድመው አድርገዋል። ጎረቤቶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እነሱም መርፌው ያማቸው ነበር። በሽታው አሊ ቤት ደርሶ መሄጃ ካጣባቸው ምክንያቶች አንዱ የእነሱ ክንድ ነው። ስማቸውን የጻፈ የለም። የመጨረሻው ታማሚ ስሙ ታወቀ፤ የመጨረሻ እንዲሆን ያደረጉት ሰዎች ግን አልታወቁም።

አሊ ዳነ። አብረውት መኪና ውስጥ ከነበሩት ሁለት ሕፃናት አንዷ ግን ሞተች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ስለ አሊ በሚወራበት ቦታ ሁሉ ይቺ ልጅ ትረሳለች። እኛ ግን ማንሳት ፈለግን። የፈንጣጣ ታሪክ በአንድ ሰው መዳን ብቻ አይዘጋም።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ቀጠለ። በሚያዝያ 1970 ከናይሮቢ ወደ ጄኔቫ ቴሌግራም ተላከ። ፍለጋው እንዳለቀ፣ አዲስ ታማሚ እንዳልተገኘ፣ የመጨረሻው የታወቀ ታማሚ የመርካው አሊ እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። በዚያው ክረምት መጨረሻ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ቫይረሱ ከሚጠናበት ላቦራቶሪ አምልጦ አንዲት ሴት ገደለ። ለዚህ ነው ስለ አሊ ሲጻፍ በተፈጥሮ መንገድ የሚለው ቃል የሚጨመረው። ከሁለት ዓመት ፍለጋ በኋላ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1972 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ላይ ጠፍቷል ብሎ አወጀ። የሰው ልጅ በሥራው ያጠፋው የመጀመሪያው የሰው በሽታ እሱ ነው። እስካሁንም ሌላ አልተጨመረም።

የተሸከመው ታሪክ

ብዙ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እንዲያውም ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ፣ በከታቢነትም እየተሳተፈ፣ ራሱ ክትባት ሸሽቶ በሽታው የያዘው ሰው መሆን የሚያኮራ አይደለም። ሰው ሊስቅበት ይችላል። አሊ ግን ይህንን ታሪኩን ይዞ ወጣ።

የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት በ1983 ፈረሰ። አገሩ በጦር አበጋዞች ተከፋፈለ። የዚያ ጊዜ ስደት ነው እዚህ ቀብሪበያ ያለውን የስደተኞች መጠለያ ያመጣው፤ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ አብረውን ይኖራሉ። ሆስፒታል ሲዘጋና ሐኪም ሲሰደድ መጀመሪያ የሚቋረጠው የሕፃናት ክትባት ነው። ፖሊዮ፣ በተለምዶ የልጅነት ልምሻ የምንለው፣ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ይመቸዋል።

አሊ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በፖሊዮ ዘመቻ የአካባቢ አስተባባሪ ሆኖ ሠራ። ሥራው ሕዝብን ማሳመን ነበር። ክትባቱ መርፌ አይደለም፤ አፍ ውስጥ የሚንጠባጠብ ጠብታ ነው። ቢሆንም ወላጆች ይፈሩ ነበር። መንገዱ ኬላ የበዛበት፣ ታጣቂ የማይጠፋበት ነው። እሱ ከመንደር መንደር እየሄደ፣ አንዳንዴ አንድ ቦታ ለሳምንታት እየቆየ ያስተምር ነበር።

የሚጠቀምበት ማስረጃ ራሱ ነው። ልጄን አላስከትብም ለሚሉት ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግራቸዋል። እኔም ክትባት ሸሽቼ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ የሆነብኝም ይኸውና የሚል ዓይነት ንግግር ነው። በፈንጣጣ የመጨረሻዋ አገር ሶማሊያ ሆናለች፣ በፖሊዮም የመጨረሻ እንዳንሆን የሚል ምኞት ነበረው። ማንንም መሃይም አላለም። እንዴት ይላል? እሱ ራሱ ያንኑ ሠርቷልና።

ጥርጣሬው ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። ክትባትን የሚጠራጠር ሁሉ በባዶ ሜዳ አይጠራጠርም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ!

በፈረንጆቹ 1996 ሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ከተማ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ነበር። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ እዚያ 200 ያህል ሕፃናት ላይ የመድኃኒት ሙከራ አደረገ። 11 ሕፃናት ሞቱ። ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው ብሎ ተከራከረ፣ ከዓመታት የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ግን 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሙከራው የክትባት አልነበረም። ግን ያንን ያየ ሕዝብ ፊት የፖሊዮ ጠብታ ይዘህ ስትመጣ ምን ይልሃል? በፈረንጆቹ 2003 ካኖና ሌሎች የሰሜን ናይጄሪያ ግዛቶች ክትባቱ መካን ያደርጋል በሚል ወሬ ዘመቻውን አቆሙ። ካኖ ላይ ለአንድ ዓመት ገደማ ቆመ። የተፈታው ክትባቱ ሙስሊም ከሚበዛባት ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ከተስማሙ በኋላ ነው።

ያ የአንድ ዓመት ክርክር ካኖ ላይ አልቀረም። መነሻው ናይጄሪያ የሆነው ቫይረስ በሱዳን አድርጎ በ1997 ኢትዮጵያ ገባ፤ የመን ገባ፤ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ከፖሊዮ ነፃ ሆና የነበረችውን ሶማሊያን ያዘ። እዚያ ከ200 በላይ ሕፃናትን ሽባ አደረገ። እነ አሊ ከ10 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው የተዋጉት ይሄንን ነው። በ2000 መጋቢት ላይ ሶማሊያ እንደገና ከፖሊዮ ነፃ ተባለች። አገር በጦርነት ላይ እያለች ማለት ነው። ይሄንን ሥራ የሠሩት እዚያው የሚኖሩ፣ ሰው የሚያውቃቸው፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ሰዎች ናቸው።

ሌላም አለ። በፈረንጆቹ 2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኦሳማ ቢን ላደንን ፍለጋ ፓኪስታን ውስጥ በክትባት ዘመቻ ስም ሰው አሰማርቶ እንደነበር ታወቀ። ከዚያ በኋላ ጠብታ ይዛ በር የምታንኳኳ ምስኪን የጤና ሠራተኛ ሰላይ ተብላ የምትጠረጠርበት ዘመን መጣ። ፓኪስታን ውስጥ የተገደሉም አሉ። አልሸባብም በሚቆጣጠረው አካባቢ የክትባት ዘመቻ ከልክሎ ነበር። በዚህም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሳይከተቡ ቀሩ።

ታዲያ ይሄንን ሁሉ የሰማ አባት ቢጠራጠር ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። የጥርጣሬውን ዋጋ የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም፤ ልጁ ነው፣ የጎረቤቱም ልጅ ነው።

የመጨረሻው ዘመቻ

ግንቦት 2005 ላይ ፖሊዮ ሶማሊያን እንደገና ያዛት። ሞቃዲሾ ውስጥ አንዲት ሕፃን ሽባ ሆነች። በዚያ በፈረንጆች ዓመት ብቻ ቁጥሩ 194 ደረሰ። አሊ እንደገና ተነሳ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። እዚያው በተወለደበት በመርካ አካባቢ ለክትባት ዘመቻው ሲዞር ትኩሳት ያዘው። ከ36 ዓመት ገደማ በፊት ወባ ነው ተብሎ በስህተት የታከመው ሰው አሁን የያዘው እውነተኛ ወባ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2005 ሞተ።

ወባ የሚድን በሽታ ነው። ዓለም ያጠፋችው የበሽታ የመጨረሻ ታማሚ ዓለም ባላጠፋችው በሽታ ሞተ። ይሄ ስለ አገራችን ጤና አጠባበቅ ብዙ ይናገራል።

አሊ በሞተበት በዚያው ሐምሌ ወር ቫይረሱ ድንበር ተሻገረ። በእኛው ክልል በዶሎ ዞን ገላዲ ወረዳ አንድ ሕፃን ሽባ ሆነ። ወረርሽኙ እስኪቆም ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ሕፃናት ተይዘዋል። ያ መንገድ ፈንጣጣ በ1968 የሄደበት መንገድ ነው፤ አሁን በሽታው በተቃራኒው አቅጣጫ መጣበት እንጂ። ሶማሊያ ውስጥ ያልተከተበ ልጅና ዶሎ ውስጥ ያልተከተበ ልጅ አንድ ውሃ ጉድጓድ ላይ ይገናኛሉ። እኛም ከዚያ ሩቅ አይደለንም። ጫኝ መኪና በየቀኑ ይመላለሳል፣ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል።

በ2011 ግንቦት ደግሞ በዚያው ዞን ቦህ ወረዳ ሌላ ዓይነት ፖሊዮ ታየ። ይሄኛው ከክትባቱ የመነጨ ነው። ይሄንን የምንደብቅበት ምክንያት የለም፤ መደበቅ ነው ሰውን የሚያስኮርፈው። ነገሩ እንዲህ ነው። የአፍ ጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። አብዛኛው ልጅ በተከተበበት ቦታ ምንም አያመጣም። ብዙ ልጅ ሳይከተብ በሚቀርበት ቦታ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ጉልበቱን ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ክትባቱን ለመጠራጠር የሚጠቀሰው ይሄው ነገር፣ መፍትሔውም በደንብ መከተብ ነው። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ ለተነገረው ሰው ግን ይገባዋል። ማን ይንገረው ነው ጥያቄው።

ኮሮና ላይ ያጣነው

የኮሮና ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው። የመጀመሪያው ታማሚ አገር ውስጥ ከተገኘ ልክ አንድ ዓመቱ ነበር። 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኒካ ክትባት ገብቶ ነበር። በዚያው ሳምንት እነ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይሄንኑ ክትባት በደም መርጋት ስጋት ለጊዜው አቆሙ። ዜናው በስልካችን በደቂቃ ውስጥ ደረሰ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ችግሩ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚከሰት መሆኑን፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ገለጸ። ይሄኛው ዜና ግን በዚያ ፍጥነት አልደረሰም።

የኮሮናውና የፈንጣጣው ክትባት እኩል ናቸው እያልን አይደለም። የፈንጣጣው ክትባት በሽታውን ከምድር አጥፍቷል። የኮሮናው ደግሞ የተከተበ ሰው በቀላሉ እንዳይሞት ያግዛል እንጂ ጨርሶ እንዳይያዝ አያደርገውም። ይሄ ልዩነት ከመጀመሪያው በግልጽ ተነግሮ ቢሆን፣ ተከትቦ የታመመ ዘመዱን ያየ ሰው ተታለልኩ ባላለ ነበር።

በእኛ ክርክር ውስጥ አንድ ሰው አጥተናል ብለን እናስባለን፤ እንደ አሊ ያለ ሰው። የሚያዝ ነበር፣ የሚሳደብ ነበር፣ የሚያስፈራራ ነበር። ፈርቼ ነበር የሚል ግን ጠፋ። ፍርሃት ብዙ ልብስ ለበሰ። አንዳንዴ የሃይማኖት ልብስ፣ አንዳንዴ የፖለቲካ፣ አንዳንዴ የሳይንስ። ከሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ያው የመርካው ወጣት ፍርሃት ነበር። ያማል? ያተኩሳል? ነገ ሥራ ካልሄድኩ ልጆቼን ማን ያበላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ስድብ መልስ አይሆንም። አዎ፣ ክንድህን አንድ ቀን ያምህ ይሆናል፣ ያተኩስህም ይሆናል፣ ከዚያ ይለቅሃል ብሎ እውነቱን የሚናገር፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ሼኽ ሊሆን ይችላል፣ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ ጀበና ይዛ የምትቀመጥ ቡና ሻጭ ልትሆን ትችላለች። ወይም የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ።

ለጤና ቢሮዎቻችንም አንድ ሐሳብ አለን። ዘመቻ ሲመጣ በድምፅ ማጉያ ከመጮህ በፊት፣ ልጁን ሳያስከትብ ቀርቶ የተጸጸተ አባት ፈልጉ። በፖሊዮ እግሩ የተያዘ ወንድማችንን ጠይቁት፤ ፈቃደኛ ከሆነ ይናገር። እነዚህ ሰዎች በየከተማችን አሉ። የሚጠይቃቸው ብቻ ነው የጠፋው።

አሊ ማው መዓሊን ትልቅ ሕንፃ አልሠራም፣ ሀብትም አልተወም። መጀመሪያ ላይ ከበሽታው ሰንሰለት መጨረሻ ላይ የተገኘው ጎረቤቶቹ ስለተከተቡ ነው። የቀረውን እድሜውን ደግሞ ለማያውቃቸው ሕፃናት እንደዚያ ያለ ጎረቤት ሲፈልግ አሳለፈ። ቀጣዩ የሕፃናት ክትባት ዙር ሲመጣ ከታቢዋ በራችሁን ታንኳኳለች። ጥያቄ ካላችሁ ጠይቋት፣ ፍርሃት ካላችሁ ንገሯት፤ በሩን ግን ክፈቱላት።

አላህ ይርሐመው።